ደብተሬ ላይ ሰባት ጊዜ የተጻፈው መስመር

ሰሞኑን ሥራ ቦታም ቤትም ወሬው አንድ ነው። ዓመቱ አለቀ፣ ለሚመጣው ምን አቅደሃል? እኛ ደግሞ ሁለት ዓመት መለወጫ አለን። ለመስከረም 1 አንዴ እናቅዳለን። ለጃንዋሪ 1 እንደገና እናቅዳለን። ሁለት ጊዜ ታቅዶ አንድም ጊዜ ያልተነካ ነገር ግን በየቤታችን አለ። የምጽፈው ስለሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልጆቻችንን ቋንቋችንን ስለማስተማር።

አሜሪካ የገባሁት ዲቪ ደርሶኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ጀምሮ እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ አለሁ። መጀመሪያ ቨርጂኒያ፣ ኋላ ሜሪላንድ። ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ። ብዙ አዲስ መጪ ከኤርፖርት ተቀብያለሁ፣ ሳሎኔ ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ አሳድሬያለሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የት እንደሚደናቀፍ አይቻለሁ። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ። እኔን በጊዜው በግልጽ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም፤ በጣም ነበር የሚያስፈልገኝ።

ዓመተ ምሕረቱን እ.ኤ.አ. እያልኩ ካልጠቀስኩ የአገራችን አቆጣጠር ነው።

1. ወረቀታችሁን ጨርሱ

ይህን ባጭሩ ልበለው። ግሪን ካርድ ከያዛችሁ 5 ዓመት ሊሞላችሁ 90 ቀን ሲቀረው ለዜግነት ማመልከት ትችላላችሁ። አሜሪካዊ አግብቶ አብሮ ለሚኖር 3 ዓመት ነው። ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። አገር ቤት ባንክ ውስጥ ያላችሁ ገንዘብ፣ ከሌሎች የውጭ ሂሳቦቻችሁ ጋር ተደምሮ፣ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ቅጣቱ ግን ከባድ ነው። ፓስፖርት የቀየራችሁ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጡ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፣ በቢጫ ካርድ ግን ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። በቃ። ይኼ ሁሉ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ የምትጀምሩት ነው።

2. የምትልኩትን ገንዘብ ስልኩ ሳይጮህ ወስኑ

ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ስልኩ አያርፍም። ገና ደርሷል፣ በግ ተወዷል። ከገና ጥምቀት ይከተላል። የሚደውለውን ሰው አልወቅስም። ኑሮው አንገቱን ይዞታል። ጥፋቱ የኛ ነው። ስንት መላክ እንደምንችል ለራሳችን እንኳ ሳንወስን ስልኩን እናነሳለን። ከዚያ ይሉኝታ ይይዘንና "እሺ፣ እልካለሁ" እንላለን። ከዚያ ክሬዲት ካርድ ይመዘዛል። በፌብሩዋሪ ከሚስት ጋር ጭቅጭቅ ነው።

የዓመቱን ወስኑ። በወር ይህን ያህል፣ ለሁለት በዓል ይህን ያህል፣ ለድንገተኛ ሕመም ይህን ያህል። ለቤተሰቡ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ንገሩ። አንዴ ይከፋቸዋል፣ ከዚያ ይለምዱታል። እነሱም ማቀድ ይችላሉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ከፍሎ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው 1 በመቶ ታክስ አለበት። ከባንክ ሂሳባችሁ ወይም በዴቢት ካርድ ስትልኩ ታክሱ አይነካችሁም። ስለዚህ ካሽ ይዞ ሱቅ መሄዱን ተዉት። ሁለተኛው የብር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። አገር ቤት በብር ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ በዶላር ሲሰላ ግማሽ ሆኖ ጠበቀው። ለቤት ወይም ለንግድ የምታቅዱ ሰዎች፣ ዛሬ ባለው ምንዛሪ የአምስት ዓመት ዕቅድ አታውጡ።

እኔ እ.ኤ.አ. በ2011 የሦስት ዓመት ቁጠባዬን ለአንድ ዘመዴ ልኬ ነበር። ሚኒባስ እንዲገዛበት ነው። ሚኒባሱ ተገዛ፣ ፎቶ ተላከልኝ፣ ከዚያ ስልኩም ሚኒባሱም ጠፋ። ለብዙ ጊዜ አንገበገበኝ። አሁን ገንዘቡን ትቼዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያንን ገንዘብ ለማግኘት ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ታክሲ ነድቻለሁ። ያኔ ልጄ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመቷ ነበረች። ወንዱ ገና አፉን እየፈታ ነበር። የላክሁት ዶላር የነዚያ ቅዳሜዎች ዋጋ ነው።

ዋናው ጉዳዬ ይኼ ነው።

3. ልጆቻችሁን ቋንቋ አስተምሩ

ጥቁር ደብተር አለኝ። ድሮ በየዓመቱ ዲሴምበር 31 ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ የሚመጣውን ዓመት ዕቅድ እጽፍበት ነበር። ባለፈው ወር ምድር ቤቱን ስናጸዳ ከአሮጌ የታክስ ወረቀቶች ሥር አገኘሁት። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

2008፣ የመኪና ዕዳ መጨረስ፣ ልጆቹን ፊደል ማስቆጠር። 2009፣ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ማጠራቀም፣ ልጆቹን ፊደል ማስቆጠር። 2010፣ የእናቴን ቤት ጣሪያ ማስቀየር፣ ልጆቹን ፊደል ማስቆጠር። እንዲህ እያለ እስከ 2014 ይሄዳል። ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። ሰባት ዓመት፣ ያው መስመር፣ ያው የእጅ ጽሑፍ። መኪናው ተከፍሎ አልቋል። ቤቱ ተገዝቷል። የእናቴ ጣሪያ ተቀይሯል። በ2015 ገጽ ላይ መስመሩ የለም። ረስቼው ነው።

ለምን አልሆነም? ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እውነት ነው። ግን ሌላም አለ።

ትልቋ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ አንዲት መምህርት ጠራችን። "ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብታናግሯት ይሻላል፣ ሁለት ቋንቋ ያምታታታል" አለችን። እኔና ባለቤቴ የፈረንጅ መምህርት ተናገረች ብለን እሺ አልን። በዚያው ማታ ጀመርን። የኔ እንግሊዝኛ የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነበር። ከልጄ ጋር በዚያ አወራሁ። ተረት አልነበረውም፣ ቁጣም ቁልምጫም አልነበረውም። በኋላ እንደተረዳሁት ሁለት ቋንቋ መስማት ሕፃንን አያምታታም፣ አፍ መፍታቱንም አያዘገይም። እዚህ አገር የሚያድግ ልጅ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት፣ ከጓደኛ፣ ከቴሌቪዥን ይወስደዋል። ማንም አያስቀርበትም። አማርኛን ግን ከናንተ ካልሰማ ከማንም አይሰማም። ዛሬም እንዲህ የምትመክር መምህርት ካጋጠመቻችሁ አመስግናችሁ ውጡና ቤታችሁ ገብታችሁ በአማርኛ ቀጥሉ።

ሁለተኛው ጥፋት ይብሳል። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤታችን ክርስትና ነበር፣ ሰው ሞልቷል። ከውጭ ሮጣ ገባችና "አባዬ፣ ውሃ ተማኝ" አለች። "ጠማኝ" ማለቷ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እዚህ ላደገ ልጅ አፍ ይከብዳሉ። ክፍሉ ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ "እስቲ ድገሚው" አላት። ደገመችው። አሁንም ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ፊት አማርኛ ተናግራ አታውቅም። በአማርኛ ስንናገራት ይገባታል፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቀስ በቀስ የሚገባትም እያነሰ ሄደ።

ወላጆች፣ ስሙኝ። ልጅ ሲሳሳት አትሳቁ። የእንግዳውንም ሳቅ አስቁሙ። ከእናቷ "ነይ" ሲባል እየሰማች ያደገች ልጅ አባቷን "አባዬ ነይ" ትላለች። ይሄ ስሕተት አያስቅም፣ ጆሮዋ እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። "አባዬ ና" ብላችሁ ረጋ ብላችሁ መልሱላት። አንቱታውም ይመጣል። በእንግሊዝኛ ስትመልስላችሁ አትቆጡ፣ ግን እናንተ ወደ እንግሊዝኛ አትሂዱ። በአማርኛ ቀጥሉ። የሚያሸንፈው ሳይሰለች የቀጠለ ነው። አብዛኞቻችን በሁለተኛው ሳምንት እንሸነፋለን።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ነበር የምትኖረው። በበዓል በበዓሉ እደውላለሁ። ስልኩን ለልጄ እሰጣታለሁ። "ሰላም አያቴ፣ ደህና ነኝ፣ እወድሻለሁ" ትልና ስልኩን ትመልስልኛለች። ሦስት ነገር። በአምስት ዓመቷም በአሥራ ስምንት ዓመቷም ያው ሦስት ነገር። እናቴ ከወዲያ በኩል ብዙ ትናገራለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ መልስ ትጠብቃለች። እኔ እቀበልና "ደህና ናት፣ ተምራ ነው የመጣችው፣ ደክሟት ነው" እላለሁ። እናቴ ሞኝ አልነበረችም። አንድ ጊዜ "ልጄ፣ የልጅ ልጄን ድምፅ ነው የሰጠኸኝ፣ ወሬዋን አልሰጠኸኝም" ብላኛለች።

በኛ አቆጣጠር በ2014 አረፈች።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ልጄ ቤት መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው አሁን፣ ከኮሌጅ ወጥታ ሥራ ይዛለች። ቡና ተጠጥቶ እንግዳው ከሄደ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። "አባዬ፣ ይኼን ተርጉምልኝ" አለችኝ። አያቷ ከማረፏ ጥቂት ወራት በፊት የላከችላት የድምፅ መልእክት ነው። የእህቴ ልጅ ስልኳን አስይዛት የተቀዳ ነው። 41 ሰከንድ። ልጄ ሦስት ዓመት ከምናምን ይዛው ኖራለች። ስልክ ስትቀይር እንኳ አዛውራዋለች። ስትናፍቃት ትከፍተዋለች። የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነበር።

ከፈተችው። የናቴ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። "የኔ ዓለም፣ እንዴት ነሽ? አባትሽ ከስታለች ብሎኛል። ለምን አትበይም? አፈር ስሆን ብይ። አፈር ስሆንልሽ። ስትመጪ በጄ ነው የማጎርስሽ።"

መተርጎም ጀመርኩ። እንዴት ነሽ የሚለውን ተረጎምኩ። ከስታለች የሚለውን ተረጎምኩ። "አፈር ስሆን" ላይ ቆምኩ። ቃል በቃል ነገርኳት። "አፈር ትሆናለች? ለምን?" አለችኝ። እንደገና ሞከርኩ። "እኔ ከመሬት በታች ልግባና አንቺ ብይ፣ ማለት ነው" አልኳት። ዓይኗን አፈጠጠች። በእንግሊዝኛ የሞት ወሬ ሆነ። በአማርኛ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ማዕድ ላይ ሺህ ጊዜ ተብላችኋል።

ከዚያ "ያኔ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታያለህ?" አለችና ስልኩን ወደኔ አዞረችው። ከመልእክቱ ሥር የልጄ መልስ አለ። አንድ ቀይ ልብ።

ይኼን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ባለ ሦስት ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ ባለ ሰባት ዓመት ልጅ ያላችሁ ሰዎች አሁን ስልክ ይዛችሁ ይኼን እያነበባችሁ ስለሆነ ነው። ልጁ አጠገባችሁ ሊሆን ይችላል። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ ለነዋሪው በቋንቋው እንዲያገለግሉ አዟል። ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከተማው ለኛ አስተርጓሚ ይቀጥራል። እኛ ደግሞ በገዛ ልጃችንና በገዛ እናታችን መካከል አስተርጓሚ ሆነን ቀረን። ያውም መጥፎ አስተርጓሚ።

"ሰንበት ትምህርት ቤት እንልከዋለን" ትሉኛላችሁ። ላኩ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ኮሚዩኒቲም የሚያስተምሩ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዕረፍታቸውን ሰውተው ነው። ግን በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። መኪና ውስጥ ስትመለሱ በእንግሊዝኛ ካወራችሁት ሁለቱም ሰዓት እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

"ልጄ አይፈልግም" ትሉኛላችሁ። ሒሳብ ይፈልጋል? ጥርስ መቦረሽ ይፈልጋል? የጥርሱን ጉዳይ ለሱ ፈቃድ ትታችሁታል?

"ጊዜ የለንም" ትሉኛላችሁ። ይኼን እኔ ነኝ በደንብ የማውቀው፤ ሰባት ዓመት ብዬዋለሁ። ፊደላችን 33 ቤት ነው። እያንዳንዱ ቤት 7 ፊደል፣ ጠቅላላው 231። በቀን አንድ ቤት፣ አሥር ደቂቃ። ጃንዋሪ 1 የጀመረ ልጅ ፌብሩዋሪ 2 ላይ ፐ ይደርሳል። ሁሉንም አይዝም፣ እንደገና ትመለሳላችሁ። ሁለት ዙር ቢሆን ከትንሣኤ በፊት ነው። እኔ በሰባት ዓመት ያጣሁት ይኼንን አሥር ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ዕቅዳችሁ ላይ "ልጆቹን አማርኛ ማስተማር" ብላችሁ አትጻፉ። እሱ ምኞት ነው፣ እኔም ጽፌው ነበር። ሰዓት ጻፉ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል፣ እራት እንደተነሳ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ቤት። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ወደ አገር ቤት ስልክ። እዚህ በዊንተሩ ሰዓት አዲስ አበባ ከዋሽንግተን 8 ሰዓት ስለሚቀድም እዚያ ምሽት 12 ሰዓት ነው፣ ሰው ቤቱ ገብቷል። ስልኩን ለልጁ ስጡና ከክፍሉ ውጡ። አጠገቡ ከቆማችሁ አንተ ንገራት፣ አንቺ ንገሪልኝ እያለ ሁሉን በናንተ ያስተላልፋል። አንድ ጥያቄ አስይዙት። "አያቴ፣ ዛሬ ምን በላሽ?" ይበላት። መልሱን መጥቶ ለናንተ ይንገራችሁ።

ከቻላችሁ አንድ ክረምት አገር ቤት ላኳቸው። ለሠርግ የሁለት ሳምንት ጉዞ አይደለም የምላችሁ፤ በሆቴልና በዘመድ ግብዣ ያልቃል። ስድስት ሳምንት፣ አክስት ቤት፣ ከአክስት ልጆች ጋር አንድ መኝታ ቤት። የሁለት ሰው ትኬት ውድ ነው፣ አውቃለሁ። የኔ ሚኒባስ ስንት ትኬት እንደነበር አስልቼዋለሁ። አልነግራችሁም።

ደግሞ ይኼ የአማርኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የቤታችሁ ቋንቋ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ትግርኛ ከሆነ በትግርኛ፣ ጉራጊኛ ከሆነ በጉራጊኛ። አያቷ በምን ቋንቋ ታቆላምጣለች? ልጁን እሱን አስተምሩት።

4. ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ

የኛ ጊዜ አልፏል ብላችሁ ከላይ ያለውን ክፍል የዘለላችሁ ትኖራላችሁ። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ማታ ስልኩን ካየሁ በኋላ ለልጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ መምህርቷም ስለ ሳቁም። ሳቁን አስታወሰችው። የለበስኩትን ሸሚዝ ቀለም ነገረችኝ።

ከዚያ "አሁን አስተምረኝ" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። ቁርስ እንበላለን፣ ጠረጴዛው ይጠረጋል፣ በየሳምንቱ ሁለት ቤት። ወንዱ ልጄም ሁለት ጊዜ መጥቶ ተቀምጧል፤ ገና እያየን ነው። እሱን ተስፋ አድርጌ ለሚመጣው ዓመት ሦስተኛ እርሳስ ገዝቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ሰባተኛው ቤት ላይ ደረስን። ጠ ነው። ሳየው ልቤ ደነገጠ፣ ምንም አላልኩም። እሷ ግን ፊደሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ አደረገችና "ውሃ ተማኝ" አለች። ራሷን ነቀነቀች። "ታማኝ... ጣ... ጠ።" ምላሷን ከላይኛው ጥርሷ ጀርባ አስደግፋ ለቀቀችው። "ጠማኝ።"

ተነስቼ ውሃ ቀዳሁላት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨ እና ጰ ነው።